ባለ ጅራት ጎማዋ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ላይ ስለ ትናንሽ የመዝናኛ አውሮፕላኖች ወሬ ሲነሳ የሚመላለሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ለቁጥሮቹ ምሳሌ ያደረግነው ፓይፐር ጄ-3 ከብ የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ነው።

«ባለ ጅራት ጎማ» ምን ዓይነት አውሮፕላን ናት?

ሦስት ጎማ አላት። ሁለቱ ትልልቆቹ ከፊት፣ ከክንፏ ሥር ናቸው። ሦስተኛዋ ትንሿ ጎማ ደግሞ ጭራዋ ሥር ናት። ስለዚህ መሬት ላይ ስትቆም ጭራዋን ጥላ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው። ቦሌ የምናያቸው የመንገደኞች አውሮፕላኖች የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ የእነሱ ትንሽ ጎማ አፍንጫቸው ሥር ነው።

ድሮ አውሮፕላን ሲባል በአብዛኛው ይኸው ነበር። ዛሬ የቀረው ለመዝናኛ፣ ለፀረ ተባይ መድኃኒት ርጭትና ጥርጊያ በሌለው ሜዳ ላይ ለሚያርፉ ነው። እነሱም የያዙት ለናፍቆት ብለው አይደለም። ፕሮፔለሩ ከመሬት ራቅ ስለሚል ጠጠርና ሣር አይመታውም። የጅራቷ ጎማ ቀላል ናት፣ ሸካራ ቦታ ላይም እንደ አፍንጫ ጎማ በቀላሉ አትሰበርም።

ስንት ሰው ትይዛለች? ምን ያህልስ ትፈጥናለች?

ሁለት ሰው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ከብ ከ1938 እስከ 1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬንያ፣ ሎክ ሄቨን በሚባል ከተማ የተሠራች ናት፤ ወደ 20,000 ገደማ ተመርታለች። የተለመደው ሞተሯ ባለ 65 ፈረስ ጉልበት ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ፍጥነቷ ከ61 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ ግን ክንፏ መሸከሙን ያቆማል፤ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይህንን ነው።

ክብደቱን ልብ በሉት። ባዶዋን 345 ኪሎ ትመዝናለች፣ ከነጭነቷ ከ553 ኪሎ ማለፍ የለባትም። የሚቀረው 208 ኪሎ ነው። ታንኳ 45 ሊትር ይይዛል፤ እሱ ሲሞላ 32 ኪሎ ያህል ይሄዳል። ለሁለት ሰውና ለዕቃ የተረፈው 176 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለት ደልደል ያሉ ሰዎች ከነሻንጣቸው አይገቡም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። አብራሪው ብቻውን ሲበር የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ ከፊት ከተቀመጠ ሚዛኗ ወደ አፍንጫዋ ያጋድላል። የነዳጅ መለኪያዋም ቡሽ ላይ የተተከለ ሽቦ ነው። ከፊት መስታወቱ ወዲያ ማዶ፣ ከታንኩ ክዳን ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ነዳጁ ሲቀንስ ቡሹ ይወርዳል፣ ሽቦውም ያጥራል። ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለች አውሮፕላን ነበረች?

በደንብ! ነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያረፈችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጭራዋን ጥላ የምትቆም ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ»ም እንደዚሁ። ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ነው። ሞተሯ 115 ፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬኑስ ነበር። ጣልያኖች ወሰዷት፣ ቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ቆመች፣ ጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። ስለ ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ስናወራ የሰው ታሪክ ተውሰን አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ባለ ጅራት ጎማ ናቸው። በኋላም አየር መንገዱ እዚሁ የገጣጠማት የርጭት አውሮፕላን «እሸት» ነበረች፤ አንድ ሰው ብቻ ብትይዝም ጎማዋ ከጭራዋ ሥር ነው።

አዳማ ላይ ከየት ነው የምትነሳው?

አዳማ መደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። «ሰፊ ሜዳ አለኝ» ማለት ብቻ ደግሞ አይበቃም። ለማረፊያውም ለበረራውም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ የአየር ኃይሉ ቢሾፍቱ ጎረቤታችን ነው። ያንን አየር ክልል እንደ ግል ግቢ ማየት አይቻልም። ፈቃዱ ሳይያዝ አውሮፕላን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ሼድ ውስጥ እንደቆለፈ ይቁጠረው።

ፈቃድ ለማግኘት ምን ያስፈልጋል?

ዓለም አቀፉ መመዘኛ ለግል አብራሪነት ቢያንስ 17 ዓመት ዕድሜ፣ የሕክምና ምስክር ወረቀትና 40 ሰዓት በረራ ይጠይቃል፤ በታወቀ ማሠልጠኛ ፕሮግራም ከሆነ 35 ሰዓት። ዝርዝሩን የምትጠይቁት ግን ባለሥልጣኑን ነው፤ የሚሠራው የእነሱ መመሪያ ነው።

በአፍንጫ ጎማ የተማረ ሰው ፈቃድ ስላለው ብቻ ዘሎ ባለ ጅራት ጎማ ላይ አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ ለብቻው የአሠልጣኝ ፊርማ ይጠየቅበታል። የትም አገር ብትበሩ ይህን ሥልጠና ውሰዱ እላለሁ። ሲጠየቁ ሳይሆን ሳይጠየቁም።

ምን ዓይነት ነዳጅ ነው የምትጠቀመው?

የፒስተን አውሮፕላን ቤንዚን፣ አቭጋዝ የሚባለውን። ትልልቆቹ ጄቶች የሚሞሉት ነዳጅ ከነጭ ጋዝ ዘር ነው፤ እዚህ ሞተር ውስጥ ከገባ ያበላሸዋል። ስለዚህ «አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ ነዳጅ አለ» ብላችሁ አትነሱ። የሚበላው በሰዓት 16 ሊትር ገደማ ነው።

የመኪና ቤንዚንስ? አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች በተፈቀደላቸው መሠረት ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ኢታኖል የተቀላቀለበት መሆን የለበትም። አገራችን ደግሞ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚወጣውን ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ስትቀላቅል እናውቃለን። ኢታኖል የድሮ አውሮፕላኖችን የላስቲክ ነዳጅ ቱቦዎች ያበላሻል፣ ውኃም ይስባል። ሳይመረመር አይሞላም።

ሞተሯ አየር ላይ ቢጠፋስ?

ትንሸራተታለች እንጂ ዝም ብላ አትወድቅም። ነፋስ በሌለበት አየር ከከፍታዋ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ያህል ወደፊት ትጓዛለች። ከመሬት 600 ሜትር ከፍ ብላ ከሆነ አብራሪው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሜዳ የመምረጥ ዕድል አለው። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ግን ይህ ርቀት ክፉኛ ያጥራል።

የሚመረጠው ሜዳ ላይ አንድ ነገር ልበል። በወንጂ በኩል የሸንኮራ አገዳው ማሳ ከላይ ሲታይ የተመቸ ይመስላል። አይደለም። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ጎማዎቿን ሲይዛቸው ባለ ጅራት ጎማ አውሮፕላን በአፍንጫዋ ትደፋለች። የመስኖ ቦዮቹም አሉ። ታጭዶ ያለቀ የጤፍ ማሳ ይሻላል።

ሞተሩ ከሚዳከምባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፦ ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ የሚሠራ በረዶ። ውጪው 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ፣ አየሩ እርጥበት ካለው፣ በረዶ ይሠራል። ቆቃ ሐይቅ አካባቢ እርጥበት ባለው ማለዳ የሚበር ሰው የካርቡሬተር ማሞቂያውን ሞተሩ ሳያንገራግር ይጠቀምበት።

ለምንድን ነው «አስቸጋሪ ናት» የሚሏት?

አየር ላይ አስቸጋሪ አይደለችም። እንዲያውም የዋህ ናት። ችግሩ ያለው መሬት ላይ ነው።

ባጃጅ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አለው። ያንን ባጃጅ በሙሉ ፍጥነት ወደ ኋላ ስትነዱት አስቡ። መሪው ትንሽ ካፈነገጠ መጠምዘዙ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። ባለ ጅራት ጎማም እንደዚያው ናት። ክብደቷ ያረፈው ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው። አፍንጫዋ ትንሽ ወደ ግራ ሲል ከኋላ ያለው ክብደት ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋልና ጭራዋን ወደፊት ይገፋዋል። አብራሪው ከዘገየ አውሮፕላኗ በጎኗ ዞራ ፊቷን ወደመጣችበት ትመልሳለች። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህ ነው። ሰው ብዙም አይጎዳበትም፤ የክንፍ ጫፍና የጎማ እግር ግን ይሰበራል።

መፍትሔው እግር ነው። ፔዳሎቹ ራደሩን፣ ማለትም ጭራዋ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚዞረውን ክፍል፣ ያዛሉ። ሲነሱም ሲያርፉም እግሮች ያለማቋረጥ በትንሽ በትንሹ ይሠራሉ። ትልቅ እርግጫ አይደለም፤ ነካ፣ መለስ፣ ነካ፣ መለስ። ስትነሳ ፕሮፔለሩ አፍንጫዋን ወደ ግራ ስለሚስብ ቀኝ እግር ይበዛል። ጭራዋ ከመሬት ስትለቅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ የግራ ጎትት አለ፤ ጀማሪን የሚያስደነግጠው እሱ ነው። መሬት ላይ ስትሄድ አፍንጫዋ ፊት ለፊት ስለሚጋርድ መንገድ ለማየት ወዲህና ወዲያ እያሉ መጠማዘዝ ግድ ነው።

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ጎማው መሬት ነካ ማለት በረራው አለቀ ማለት አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው ተገድቦ፣ ገመዱ እስኪታሰር ድረስ አብራሪው እየበረረ ነው። ይህን የለመደ ሰው ሌላ የትኛውንም አውሮፕላን ሲይዝ ይታወቅበታል።

የአዳማ ነፋስ አይከለክላትም?

ይህ ከሁሉም ጥያቄ ቁም ነገር ያለው ነው። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት፤ ተርባይኖቹ በድምሩ 136 ናቸው። ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ «ዛሬ ነው መብረር» በሚያሰኝበት ወቅት ነው።

እስቲ ስሌቱን እንየው። ከብ በ61 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሙሉ ክብደቷን መሸከም ትችላለች። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊቷ ቢመጣ፣ ቆማ እያለች እንኳ ከክብደቷ 40 በመቶ ያህሉን ሊያነሳ ይችላል። አፍንጫዋን ቀስራ ስለምትቆም ክንፏ ለነፋሱ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ስትነዳም ስቲኩ፣ ማለትም አብራሪው በእጁ የሚይዘው መሪ ዘንግ፣ ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት። ነፋሱ ከፊት በጎን ሲመጣ ስቲኩን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ ወደ ራስ መሳብ። ከኋላ በጎን ሲመጣ ከነፋሱ ተቃራኒ አዘንብሎ ወደፊት መግፋት። መዞሪያ ላይ አቅጣጫው ሲቀየር እጅም አብሮ ይቀየራል። ቆማ ስትታሰርም ሁለቱም ክንፎችና ጭራዋ ይታሰራሉ፤ ለአምስት ደቂቃ ሻይ ቢሆንም።

የጎን ነፋስ ሌላው ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከማኮብኮቢያው በ30 ዲግሪ ቢያዘነብል ግማሹ፣ 15 ኪሎ ሜትሩ፣ የጎን ነፋስ ይሆናል። በ60 ዲግሪ ከሆነ 26 ይደርሳል። ሲታረፍ ነፋሱ በመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርጎ፣ በተቃራኒው ፔዳል አፍንጫዋን ማቃናት ነው። ነፋሱ በመጣበት በኩል ያለው ጎማ ቀድሞ ይነካል። ጀማሪ በጎን ነፋስ ብቻውን አይሞክረው።

ከኮረብታዎቹና ከተርባይኖቹ በስተኋላ፣ ነፋሱ ተሻግሮ በሚወርድበት በኩል፣ አየሩ ይተራመሳል። በዚያ ዝቅ ብሎ ማለፍ አያስፈልግም። እኔ ብጠየቅ ለዚህች አውሮፕላን የአዳማ ሰዓት ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ነፋስ ቢኖር እንኳ ፀሐይ ገና መሬቱን አላሞቀችውምና አየሩ አይዘልም።

ከፍታውና ሙቀቱስ ምን ያመጣል?

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመር አየሩ ይሳሳል። ከሰዓት 30 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኗ 2,650 ሜትር ላይ እንዳለች ያህል ይሰማታል። ማለዳ በ14 ዲግሪ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ቦታው አንድ፣ ቀኑ አንድ፤ ልዩነቱ ሰዓቱ ነው።

የሳሳ አየር ሦስት ነገር ይቀንሳል፦ የሞተሩን ጉልበት፣ የፕሮፔለሩን መግፋት፣ የክንፉን መሸከም። ባለ 65 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር በዚያ ከሰዓት ከ50 ያልበለጠ ቢሰጥ ነው። በባሕር ጠለል በደቂቃ 140 ሜትር ገደማ ትወጣ የነበረች አውሮፕላን፣ ሙሉ ጭነት ይዛ፣ የዚያን ሲሶ እንኳ ለማግኘት ትንፈራገጣለች። ከፊቷ ኮረብታ ካለ ችግር ነው። ለአዳማ ከፍታ ሁለት ሰው ለማብረር የሚያስብ ሰው ባለ 150 ፈረስ ጉልበቷን ሱፐር ከብ ወይም መሰሏን ቢያይ ነው የሚሻለው።

አንድ ማታለያ አለ። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር አይቀየርም፤ በመሬት ላይ ያለው ፍጥነት ግን ይጨምራል። በመለኪያው 61 ሲል እውነተኛው 70 ገደማ ነው። «ፈጥኛለሁ» ብሎ መለኪያው ከሚለው በታች የሚቀንስ ሰው ስቶል ውስጥ ይገባል። ዓይን ሳይሆን መለኪያ ይታመን።

ሐዋሳ አይሻልም?

ማረፊያ አላት፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ከፍታዋ ግን ከአዳማ ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ የሙቀቱ ሒሳብ ያው ነው። በነፋስ ፈንታ የሐይቁ ወፎች አሉ፤ አባ ኮዳን የሚያህል ወፍ ከፕሮፔለር ጋር መገናኘት የለበትም። ከአዳማ ሐዋሳ በቀጥታ መስመር 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ ከሌለ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖንና ሻላን እያዩ። ከዚህ የሚያምር መንገድ አላውቅም።

ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሮ ማስነሳት አደገኛ አይደለም?

ነው። ከብ በመሠረቱ ባትሪም ማስነሻ ሞተርም የላትም፤ ፕሮፔለሩ በእጅ ይዞራል። የሚያዞረው ሰው የሠለጠነ፣ ኮክፒቱ ውስጥም ፍሬን የያዘ ሰው ሊኖር ይገባል። ጎማው ይገደባል፣ ጭራዋ ይታሰራል። ማግኔቶው፣ ማለትም ለሞተሩ ሻማዎች ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል፣ ጠፍቷል ቢባልም ፕሮፔለሩ ሁሌም እንደሚነሳ ይታሰባል። ነጠላና ሻርፕ ለብሶ መቅረብ የለም። ሊያዩ የመጡ ልጆች ከክንፉ ጫፍ ወዲያ ይቆማሉ፤ በዚህ ይሉኝታ አይሠራም።

ራሴ ልሠራት እችላለሁ?

በዓለም ላይ ብዙ ሰው ይሠራል፤ በተዘጋጀ ኪት ወይም በፕላን። ከቮልስ መኪና ሞተር ተሻሽለው የሚበሩም አሉ። ከጋራዥ ብረት አንሥተው የሚሞክሩ ወጣቶቻችንን ድፍረት አከብራለሁ። ግን የሚገድለው ሞተሩ ብቻ አይደለም። የክብደት ሚዛን ስሕተት፣ ያልተመረመረ ብየዳና ከልክ በታች የወረደ ፍጥነትም ይገድላሉ። የከብ አካል የብረት ቱቦ ብየዳ ነው፣ ላዩ ጨርቅ ነው። ቱቦው ከውስጥ፣ በተለይ ጭራው አካባቢ፣ ይዝጋል፤ ጨርቁን ፀሐይ ይበላዋል። በየጊዜው ተፈትሾ ይቀየራል። ስለዚህ የተረጋገጠ ፕላን ያዙ፣ ከመጀመሪያው ብየዳ በፊት ባለሥልጣኑን አነጋግሩ፣ በየደረጃው ሌላ ዓይን ይይላችሁ።

ለመግዛት የሚያስብም አሜሪካ ውስጥ ያገለገለች ከብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደምታወጣ ይወቅ። ክንፏ ተፈትቶ በኮንቴይነር ትመጣለች። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና መለዋወጫው በዚያ ላይ የሚደመር ነው። ሦስት አራት ሰው ተባብሮ ቢይዛት ይቀላል።

ሲታረፍ ሦስቱም ጎማ አብረው ይንኩ ወይስ ሁለቱ ቀድመው?

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሦስቱም አብረው ሲነኩ አውሮፕላኗ በጣም ቀስ ብላለች፤ ሩጫው ያጥራል። ነፋስ ከሌለ ይህ ይመረጣል። ነፋሱ ሲበረታ ብዙዎች ሁለቱን ዋና ጎማዎች ቀድመው ያስነካሉ። ፍጥነት ስላለ ራደሩ ይሠራል፣ ፊት ለፊትም ይታያል። ሲነኩ ስቲኩን በትንሹ ወደፊት አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ፍጥነቱ ሲወርድ ጭራዋን ማውረድ ነው። አስጊው ጭራዋ የምትወርድበት ቅጽበት ነው፤ ራደሩ ደክሟል፣ የጅራቷ ጎማ ገና አልያዘችም። እግር ያኔ ነው የሚፈለገው።

ከነጠረችስ? ትንሽ ከሆነ ስቲኩን ባለበት ይዞ እንደገና ማሳረፍ። ትልቅ ከሆነ ግን ስቲኩን ወደፊት ገፍቶ ልያዛት ማለት መንጠሩን ያባብሰዋል። ያኔ ጋዙን ሙሉ ሰጥቶ፣ አፍንጫዋን ሳያንጋጥጡ፣ ፍጥነት እስክታገኝ መሬቱን ተጠግቶ መብረርና እንደገና ዞሮ መምጣት ነው። በአዳማ ከፍታ ጉልበቷ ቶሎ ስለማይመጣ ውሳኔው ማኮብኮቢያው ሳይጋመስ መወሰን አለበት።